በእኛ ነው በእነሱ?

ዘሀራ መሞቷን የነገረችኝ ጽጌ ናት። ጽጌ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን አስተምርበት የነበረውን የዓርብ ክፍላችንን ቁልፍ ትይዝ የነበረች ሴት ስትሆን፣ አሁን እንደ እኔ ከጦርነቱ ሸሽታ ገዳሪፍ ትኖራለች። ደውላ ሰላምታውን አሳጠረችና፣ «ኡስታዝ፣ ዘሀራ አርፋለች። ሁለት ወር አልፏታል አሉ። እዚያው ካርቱም፣ ማንሺያ፣ የማዳሟን ቤት እንደጠበቀች። ትኩሳት ነው፤ መድኃኒት አልተገኘም» አለችኝ። የዘሀራን ልጅ ስልክ ቁጥርም ሰጠችኝ፤ ለቤተሰቡ የምነግረው እኔ እንድሆን። «እሺ» አልኳት። ሌላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስልኩን ዘግቼ የተማሪዎቼን ደብተር ማረም ቀጠልኩ። አርባ ሁለት ደብተር ነበር። አንድም ሳልዘል ጨረስኩ። ከዚያ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ምን መሥራት እንዳለብኝ ጠፋኝ።

ስለዚህ እጽፋለሁ። አስተማሪ ነኝና በቅደም ተከተል መናገር ይቀለኛል።

በመጀመሪያ ስለ አጠራሩ። ዘሀራ በዕድሜ እናቴ ለመሆን ትንሽ የቀራት ሰው ነበረች። «እሷ» እያልኩ የምጽፈው ባለጌ ሆኜ አይደለም። ክፍሉ በተከፈተበት የመጀመሪያ ዓርብ «እትዬ ዘሀራ፣ እባክዎ እዚህ ይቀመጡ» ብላት፣ ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች።

«ማንን ነው? እኔን? አንቺ በለኝ እንጂ ልጄ! ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስል ከርሜ፣ ደግሞ በዓርብ ልታስረጀኝ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት። እሷ እኔን ደስ ሲላት «ኡስታዝ»፣ ሲከፋት «አንተ ልጅ» ትለኝ ነበር።

የመጣችው ከወሎ፣ ከሐርቡ አካባቢ ነው። እዚያ በእህቷ እጅ የምታድግ አንዲት ልጅ ነበረቻት። ካርቱም ስንት ዘመን እንደኖረች ሲጠይቋት በዓመት አትመልስም፤ «ሦስት ማዳም» ትላለች። ሦስተኛዋ ማዳም ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ውስጥ ከባሏ ጋር የምትኖር አሮጊት ነበረች። ዘሀራ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ ትለብሳለች፤ ግን ሥራ ላይ ያለች ይመስል ጫፉን ሁልጊዜ ወገቧ ላይ ሸጉጣው ነው።

ወደ ክፍሉ የምትገባን ሴት ሁሉ የምትቀበላት እሷ ነበረች። «ደህና ነሽ?» አትልም። «ስንት ሰዓት ተኛሽ?» ነው የምትለው። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ደህና ነሽ ካልካት ደህና ነኝ ትልሃለች» አለችኝ። «ስንት ሰዓት ተኛሽ ካልካት ለመዋሸት ጊዜ የላትም።»

ሴትየዋ ሰዓቱን ስትነግራት ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል። «በእኛ ነው በእነሱ?»

ይህን ላብራራ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ። የእኛ አንድ ሰዓት የእነሱ ሰባት ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስድስት ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሥዬ ሦስት ዓርብ ሙሉ ያስተማርኩት ይህንኑ ነበር፤ ምክንያቱም ዘሀራ ክፍሉ ሲከፈት «ፊደሉ ይቆየን፤ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተምረን» ብላ ስለነበር ነው። ምክንያቷ የራሷ ታሪክ ነበር። ሴቶቹ መልሱን በቃላቸው ቢያውቁትም በየጊዜው ያስወሯታል።

«ደላላው ሥራው ከስድስት እስከ ስምንት ነው አለኝ» ትላለች። «እኔም በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ብቻ! ወላሂ በደስታ አለቀስኩ። ሱዳን ጀነት ናት አልኩ። ለእህቴም፣ የቀረውን ሰዓት ምን እንደማደርግበት ጨንቆኛል ብዬ ላክሁባት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ምን ዓይነት የቸኮሉ ሰዎች ናቸው፣ ገና ስድስት ሰዓት ሙሉ ይቀራል ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ!»

ሴቶቹ እስኪያስነጥሳቸው ይስቃሉ። ከእነሱ ውስጥ በዚህ ያልተሳሳተች አልነበረችም። ያቺ የመጀመሪያ ማዳም ከንጋት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት አሠርታታለች፤ እንግዳ ሲኖር ደግሞ ከዚያም በላይ። ዘሀራ ግን ይህን ክፍል አትተርከውም ነበር። ተኛሁ ያለችበት ላይ ትቆማለች።

በሪያዱ ቤት የራሷን ሕግ አውጥታ ነበር። ማታ የእራቱን ዕቃ ካጠበች በኋላ ሽርጧን ትሰቅልና ከኩሽናው ጎን ያለው ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ የጠራት ሰው ካለ ከውስጥ ሆና «ዘሀራ ረወሐት!» ብላ ትጮሃለች። በሱዳን ዐረብኛ «ዘሀራ ወደ ቤቷ ሄዳለች» ማለት ነው። መጀመሪያ የተቆጡት ባልና ሚስት ቆይተው መሳቅ ጀመሩ። ከሳቁ በኋላ ሻያቸውን ራሳቸው ማፍላት ለመዱ። «ሳቅ ነው የፈረመልኝ» ትል ነበር።

እኔ ግን ሳቅ አልበቃኝም። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ማንኛውም ነገር ተጽፎ ከተሰመረበት የሚስተካከል ይመስለኝ ነበር። የአገሩን የሥራ ሕግ ፈልጌ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ለሴቶችና ለወጣት ሠራተኞች ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ሌሊት ሥራና ስለ ትርፍ ሰዓት የሚለውን አንብቤ አንድ ዓርብ ሙሉ አስረዳኋቸው። ሴትን ሌሊት ማሠራት ገደብ አለው። ልጅ እግር ሠራተኛ ደግሞ ከትልቅ ሰው ያነሰ ሰዓት ነው የሚሠራው። በመጨረሻም ይህ ሕግ የቤት ሠራተኛን እንደማይጨምር ነገርኳቸው።

«ገብቶኛል» አለች ዘሀራ። «ሕጉ መጥቶ ነበር። ግን የግቢው ዘበኛ አላስገባውም።»

ስለዚህ የራሳችንን ወረቀት እንሥራ አልኩ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ዓምድ፤ በቀኝ ዐረብኛ፣ በግራ አማርኛ። ሥራ የሚያበቃበት ሰዓት፣ ዓርብ የመውጫና የመመለሻ ሰዓት፣ ከታች የማዳሟ ፊርማ። ዘሀራ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና «ከሐያት እንጀምር» አለች። «ትንሿ እሷ ናት።»

ሐያት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የዘሀራ ልጅ እኩያ ናት። ማንሺያ፣ ዓባይ ዳር ካሉት ትላልቅ ቤቶች በአንዱ ትሠራለች። ቤቱ እንግዳ የማይጠፋበት ቢሆንም እሷ ትወደዋለች፤ የቤቱ ሴት ልጆች ልብሳቸውን ይሰጧታል፣ ማዳሟ ደግሞ በመጪው በጋ ካይሮ ሲሄዱ ይዛት እንደምትሄድ ቃል ገብታላታለች። ሐያት ስለ ካይሮ ሳታወራ ያለፈ ዓርብ ትዝ አይለኝም።

ወረቀቷን የሞላሁት እኔ ነኝ። በአማርኛው ዓምድ እንዲህ ጻፍኩ፦ ሥራ የሚያበቃው ማታ 1 ሰዓት፤ ዓርብ ከ3 እስከ 11 ሰዓት ነፃ። ከዚያ ወደ ዐረብኛው ዓምድ ተሻገርኩ። ቃላቱን አንድ በአንድ ተርጉሜ፣ ሆሄያቱን ሁለት ጊዜ አመሳክሬ፣ ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ ገለበጥኳቸው። አንድ። ሦስት። አሥራ አንድ።

ሦስት ዓርብ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሥዬ ያስተማርኩት ሰው እኔ ነኝ።

ማዳሟ ወረቀቱን አንብባ ወዲያው ፈረመች። ሐያት ይህን ስትነግረን ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ሌሎቹ ማዳሞችም እንዲህ ቢያስቡ ኖሮ ብዬ አጭር ንግግር አደረግኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሐያት ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ዘሀራ ክፍሉ ካበቃ በኋላ ማንሺያ ሄዳ አገኘቻትና በዚያው ወደ ቡሪ ተመልሳ መጣች። ጽጌ ወንበር ስትደራርብ እኔ ሰሌዳ እየጠረግኩ ነበር። ዘሀራ አልተቀመጠችም።

«አንተ ልጅ፣ የዚያች ልጅ ወረቀት ግልባጭ አለህ?»

ነበረኝ፤ ሁሉንም በፋይል ነበር የማስቀምጠው። አወጣሁላት። ፊደል ገና አልለየችም ነበር፤ ቁጥሩን ግን በሁለቱም አጻጻፍ ታውቀዋለች። ጣቷን በአማርኛው አንድ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጣቷን አንስታ በዐረብኛው አንድ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ በእኛ ነው በእነሱ?»

አየሁት። የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ከወረቀቱ በፊት ሐያት ባልና ሚስቱ ሲተኙ ትተኛ ነበር፤ አንዳንዴ በጊዜ፣ አንዳንዴ ዘግይታ። አሁን ግን ማዳሟ እንግዳ ኖረም አልኖረም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ በእነሱ አንድ ሰዓት እስኪሆን ድረስ ታስቀምጣታለች። የተፈረመ ነውና። ዓርብ የምትወጣውም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእነሱ ሦስት ሰዓት፣ የእኛ ክፍል ካበቃ በኋላ ነው። ሐያት ራሷ ሰዓቱን የወሰነችው ማዳሟ እንጂ ወረቀቱ አልመሰላትም፤ ዐረብኛ ማንበብ አትችልም። ከሦስት ቀን በፊት ካውያ ይዛ ቆማ እንቅልፍ ወስዷት ክንዷን ተቃጥላለች።

«ይህን ያህል ነው ቃጠሎው» አለች ዘሀራ፣ ከክንዷ ላይ አራት ጣት እየለካች።

በማግስቱ ያረምኩትን ወረቀት ይዤ ማንሺያ ሄድኩ። ዘሀራም አብራኝ መጣች። ማዳሟ በሩ ላይ ቆማ የድሮውን ወረቀት አስመጣች። ቁጡ ሴት አልነበረችም፤ ሳቅ ሳቅ እያላት ነው የምታናግረኝ። ንግግሩ በዐረብኛ ነበር።

«ኡስታዝ አይደለህ እንዴ? የራስህ ጽሑፍ ነው።»

«ተሳስቼ ነው እመቤቴ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር…» ብዬ ማብራራት ጀመርኩ። ስለ ንጋት ተናገርኩ፣ ስለ ስድስት ሰዓት ልዩነት ተናገርኩ። በእጄ ክብ ሁሉ ሠርቼ አሳየኋት።

«ደስ የሚል ነው» አለችኝ። «እኔ ግን የፈረምኩት በእኔ ሰዓት ነው። ካልተስማማችሁ ልጅቷን ውሰዱ። ምትክ አምጡልኝና ኢቃማዋን እሰጣችኋለሁ።» ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዱ ነው፤ በማዳሟ እጅ ነበር።

ዘሀራ ያን ጊዜ ቶቧን ወገቧ ላይ አጥብቃ ሸጎጠች።

«እኔ አለሁ» አለቻት። «ምግብ አበስላለሁ። ቂስራም ሙላሕም እችላለሁ። ልጅቷ እኔ የምሠራበት ቤት ትግባ።»

ማዳሟ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ሰዓቱ ግን ያው ነው» አለች።

«ያው ይሁን፣ ያላ» አለች ዘሀራ።

ወደ ዋናው መንገድ ስንመለስ ሪክሻ፣ የእኛን ባጃጅ፣ ጠርቼ ነበር፤ አልገባም አለች። በእግር ሄድን። እኔ በሕግ በኩል ሌላ መንገድ መኖር እንዳለበት እያስረዳሁ ነበር። አቋረጠችኝ።

«ለልጅቷ አትንገራት።»

«ለምን?»

«ካወቀች አትሄድም። ሴቶቹም ከሰሙ ሁለተኛ ወረቀት አይነኩልህም። አስተካክለህ ጻፍና ለሌሎቹ ስጣቸው። ለሐያት የሪያዱ ደረጃ ጉልበቴን በላው እላታለሁ።»

እንዲህ ሆነ። አሮጊቷ የሪያድ ማዳም አለቀሰች እንጂ ዘሀራን እምቢ ማለት አልለመደችም። ሐያት ሪያድ ገባች። ሌሎቹ ሴቶች በእኛም በእነሱም ሰዓት የተጻፈበት አዲስ ወረቀት ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ ማዳሞች ፈረሙ፣ አንዳንዶቹ ቀደዱት። ክፍሉ ቀጠለ።

ሐያት ግን የጉልበቱን ነገር አላመነችም። የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጋው ሲደርስ ካይሮ የሚሄዱት ሰዎች ቤት አሁን ያለችው ዘሀራ ናት። «የእናንተ ዘሀራ ካይሮዬን ቀማችኝ» ትል ነበር በየዓርቡ። «አሮጊት ሆና አይሮፕላን አማራት! ታላቄ ናት ብዬ እጇን ስስም ነበር እኮ።» ሴቶቹ አንዳንዴ ይቆጧታል፣ አንዳንዴ ይስቃሉ። እኔ በዚያን ሰዓት ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርና እጽፋለሁ። ዘሀራ አትንገራት ብላኛለች። ይህ እውነት ነው። ግን ለልጅቷ ወይም ለሴቶቹ ብዬ ዝም አላልኩም። አፍሬ ነው።

ዘሀራን ከዚያ ወዲህ የማገኛት ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በወረቀቱ ሰዓት፣ ማንሺያ ዓባይ ዳር ካለው አጥር ሥር ነበር። ከሳች። ዐይኗ ቀላ። በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገችውን ስትነግረኝ ግን ትስቅ ነበር።

«ክፍሌ ገብቼ ዘሀራ ረወሐት አልኩ። ማዳሟ መጣችና ያንተን ወረቀት በበሩ ሥር አስገባችልኝ። እዚያ ቤት ሳቅ አይፈርምም ኡስታዝ።»

ሌላ ስሞታ ከእሷ አልሰማሁም። በተገናኘን ቁጥር የምትጠይቀኝ ያንኑ ነበር።

«ሐያት ስንት ሰዓት ትተኛለች?»

«ሦስት ሰዓት።»

«በእኛ?»

«በእኛ።»

«አልሐምዱሊላህ። ክንዷስ?»

«ድኗል።»

በጋው ሲመጣ ማዳሟ ልጆቿን ይዛ ካይሮ ሄዳ ተመለሰች። ዘሀራን አልወሰደቻትም። በቀጣዩም ዓመት እንደዚያው። ለሐያት ይህንንም አልነገርኳትም፤ እሷም ዘሀራ ሄዳ እንደተመለሰች ቆጥራ ጠይቃ አታውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሁላችንም በየፊናችን ወጣን። የሪያዶቹ ሽማግሌዎች ሐያትን ይዘው ፖርት ሱዳን ደረሱ፤ እኔ ገዳሪፍ ገባሁ። ዘሀራን በስልክ ያገኘኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድምፅዋ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ድምፅ ነበር።

«ሄዱ ኡስታዝ። በሳምንት እንመለሳለን፣ ቤቱን ጠብቂ ብለው ሄዱ።»

«ወዴት?»

«ወዴት ይሆናል? ካይሮ ነዋ! ኢቃማዬን በማዳሟ ቦርሳ ይዘውት ሄደዋል። ወረቀቴ ካይሮ ገብቷል፤ እኔ ቀረሁ።»

«ያለ ወረቀትም ቢሆን ውጪ እንጂ! ከጎረቤት ጋር፣ ከማንም ጋር…»

«በየትኛው መንገድ? የሚተኮስ አለ። እስኪ ይብረድ። አሁን እኮ ማንም አይጠራኝም፣ ቀን ሁሉ እተኛለሁ። ሐያት ወጣች?»

«ወጥታለች። ፖርት ሱዳን ናት።»

«በቃ እንግዲህ» አለች። ከዚያ በኋላ መስመሩ ጠፋ። ደጋግሜ ደወልኩ።

ደብተሮቹን ባረምኩ በሁለተኛው ቀን ወደ ፖርት ሱዳን ደወልኩ። ለልጇ ከመደወሌ በፊት ሐያት መስማት አለባት ብዬ ወስኜ ነበር። የምናገረውን በወረቀት ላይ በተራ ቁጥር ጽፌዋለሁ። ሐያት አሁን ሃያ ሊሞላት ነው፤ ድምፅዋ ጎርንኗል።

«ኡስታዝ! አንተ አለህ? ሁሉም ደህና?»

«ስለ ዘሀራ ነው የደወልኩት።»

«ምን ሆነች?» አለችና ወዲያው ድምፅዋ ቀዘቀዘ። «ካይሮ ተመቻት?»

ከወረቀቱ ላይ አነበብኩላት ማለት ይቻላል። መሞቷን፣ የት እንደሞተች። ካይሮ አንድም ቀን እንዳልሄደች። ከዚያ ስለ ሁለቱ ዓምዶች፣ የእኛን አንድ ሰዓት እንዳለ ስለ መገልበጤ፣ ማንሺያ በር ላይ ዘሀራ እኔ አለሁ ስለ ማለቷ። ምንም ሳልዘል ነገርኳት። ከጀርባዋ የሚፈላ ነገር ይሰማኝ ነበር። ምድጃውን አጠፋችው መሰለኝ ድምፁ ቆመ።

«ያን ጊዜ ሁሉ ስሰድባት» አለች፣ «አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ጀርባህን ሰጥተኸን ትጽፍ ነበር።»

«አዎ።»

አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም።

«ለልጇ ማን ነገራት?»

«ገና ነው። አሁን ልደውልላት ነው። ቁጥሯ እኔ ጋ…»

«አንተ አትደውልላት። እኔ እነግራታለሁ።»

«ነገሩ እንዴት እንደሆነ እኔ ብነግራት…»

«አንተ ታብራራለህ ኡስታዝ። እሷ የምትፈልገው እናቷን ነው። እኔ ስለ እናቷ እነግራታለሁ። ቁጥሩን ስጠኝ።»

የሐርቡን ቁጥር ሰጠኋት፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ። መልሳ አነበበችልኝ። ትክክል ነበር።